ማን ቱ ማን ሲያንቁን እንዴት ወጣንበት

ጅማ ላይ የሰፈር ልጆችን ቅርጫት ኳስ አሰለጥናለሁ። ሰሞኑን ያበገነን ነገር አንድ ነው፤ ሰው በሰው ሲይዙን ኳስ ታቅፈን እንቀራለን፣ ለመወርወር የሚፈቀድልን 24 ሰከንድም ያልቃል።

የምንጠቀመው የቦክስ፣ ማለትም የአራት ማዕዘን አሰላለፍ ነው። ሁለት አጫጭሮች ከቅርጫቱ ስር፣ ሁለት ረጃጅሞች በቅጣት መስመሩ ጫፍና ጫፍ። ስክሪን እንሰራለን፣ ማለትም አንዱ ልጅ ቆሞ የጓደኛውን ተከላካይ መንገድ ይዘጋል፤ ግን ሁሌ አንድ ተጨማሪ ተከላካይ ከየት መጣ ሳይባል ይደርሳል። እኔ ደግሞ ልጆቹ ቀርፋፋ ናቸው ብዬ ስጮህ ከረምኩ።

አንድ ቀን ዝናብ ልምምዱን በተነብንና ፈረንጅ አራዳ ሻይ ቤት ገባን። አስር ቆርኪ ጠረጴዛ ላይ ደርድረን አንድ በአንድ ስናንቀሳቅስ ነገሩ ተገለጠልኝ። ለካ ስክሪን የሚሰራውን ልጅ የሚይዘው ተከላካይ ስራ ፈት ነው! ማንም ስለማይነካው ዘሎ ይረዳል።

ስለዚህ ስክሪን ለሰራው ልጅም ስክሪን ሰራንለት። አጭሩ ወጥቶ ለረጅሙ ከኋላ ስክሪን ይሰራል፣ ረጅሙ ወደ ቅርጫቱ ይሮጣል። የአጭሩ ተከላካይ ረጅሙን ለማስቆም ጓደኛውን ሊያግዝ ሲወርድ ሌላኛው ረጅም መጥቶ መንገዱን ይዘጋበታል፤ አጭሩ ሶስት ነጥብ መስመር ላይ ብቻውን ኳስ ይቀበላል። ካላገዘ ደግሞ ረጅሙ ከቅርጫቱ ስር ነጻ ነው። ተከላካዮቹ የሚይዙትን ሰው ከተቀያየሩ ሁለተኛው ረጅም ስክሪኑን ትቶ ወደ ውስጥ ይሾልካል።

መጀመሪያ ላይ ሁለት ፋውል በላን፣ ስክሪን ሰሪው ቆሞ መጠበቅ ሲገባው ይንቀሳቀስ ነበር። አሁን ሯጩ በትከሻው ታክኮት እስኪያልፍ ንቅንቅ አይልም።