ሴሉሎስን ከግሉኮስ በኢንዛይም መስራት

ሴሉሎስ ሲባል ብዙ ሰው ትዝ የሚለው እንጨትና ጥጥ ነው። ከግሉኮስ ተነስቶ አጭር የሴሉሎስ ሰንሰለት ብልቃጥ ውስጥ መስራት ግን ይቻላል። ደስ የሚለው ደግሞ ሰንሰለቶቹ ራሳቸው ተደርድረው ናኖሜትር ውፍረት ያለው ስስ ንጣፍ መሆናቸው ነው።

የሚያስፈልገው ኢንዛይም ሴሎደክስትሪን ፎስፎሪሌዝ ይባላል። ክሎስትሪዲየም ቴርሞሴለም ከሚባለው ሙቀት ወዳድ ባክቴሪያ የተገኘውን ያዙ፣ ጂኑን ኢ. ኮላይ የሚባለው የላብራቶሪ ባክቴሪያ ውስጥ አስገብቶ ማምረት የተለመደ ነው። ኢንዛይሙ በተፈጥሮው ሰንሰለቱን በፎስፌት የሚቆርጥ ስለሆነ እኛ ስራውን ወደ ኋላ ነው የምናስኬደው። ፎስፌት ከበዛ ወደ መቁረጡ ይመለሳል፣ ለዚህ ነው ፎስፌት ባፈር (ፒኤች እንዳይለዋወጥ የሚይዝ ፈሳሽ) በፍጹም የማይሆነው! ፎስፌት የሌለበትን ሄፔስ የሚባል ባፈር ተጠቀሙ።

ድብልቁ ይሄ ነው፦ አልፋ-ግሉኮስ-1-ፎስፌት (ፎስፌት የተያያዘበት ግሉኮስ፣ ሰንሰለቱን የሚያስረዝመው) 200 ሚሊሞላር፣ ግሉኮስ (የሰንሰለቱ መነሻ) 50 ሚሊሞላር፣ ኢንዛይም በሚሊሊትር 0.2 ዩኒት፣ ሄፔስ 500 ሚሊሞላር፣ ፒኤች 7.5። ግሉኮስ-1-ፎስፌቱን ስትገዙ አልፋ መሆኑን እዩ፣ ቤታው አይሰራም። ክዳኑን ጥብቅ አድርጋችሁ 60 ዲግሪ ላይ 3 ቀን ተዉት። አትነቅንቁት፣ ውሃው እንዳይተንም ብቻ ተጠንቀቁ።

ሰንሰለቱ ሲረዝም ውሃ ውስጥ መሟሟት ያቅተዋል፣ ያኔ ነጭ ነገር ይታያችኋል። አንዱ ሰንሰለት በአማካይ ወደ 10 ግሉኮስ ይይዛል፣ ንጣፉም ወደ 5 ናኖሜትር ይወፍራል። ቁጥሮቹ የተገጣጠሙት በአጋጣሚ አይደለም፤ አንድ ግሉኮስ ግማሽ ናኖሜትር ገደማ ነው፣ ሰንሰለቶቹም ገበያ ላይ እንደሚደረደር ሸንኮራ ቆመው ነው የሚደረደሩት፣ አንዱ ወደ ላይ ሌላው ወደ ታች ዞሮ። ሴሉሎስ ሁለት የሚባለው ክሪስታል ይሄ ነው።

ከዛ በሴንትሪፊውጅ አዝቅጡ፣ የላዩን ድፉ፣ በንጹህ ውሃ በትኑ፣ ደጋግሙ። አሰልቺ ነው ግን የቀረ ጨውና ስኳር በማይክሮስኮፕ የምታዩትን ምስል ያበላሽባችኋል። አታድርቁት፣ አንዴ ከተጣበቀ መልሶ መበተን መከራ ነው። የሰንሰለቶቹን ርዝመት ማልዲ በሚባለው የሞለኪውል ክብደት መለኪያ ማየት ይቻላል፣ ግራፉ ላይ የሚታዩት ጫፎች በ162 ዳልተን፣ ማለትም በሰንሰለቱ ውስጥ ባለ አንድ ግሉኮስ ክብደት፣ ይራራቃሉ።

ጄል ከፈለጋችሁ ከመጀመሪያው ድብልቁ ላይ ዴክስትራን ወይም ፖሊኢትሊን ግላይኮል በብዛት ጨምሩ። ፈሳሹ ሲጨናነቅ ንጣፎቹ መዝቀጥ ትተው የተጠላለፈ የጥብጣብ መረብ ይሰራሉ። ብልቃጡን ገልብጡት፣ ካልፈሰሰ ተሳክቷል።