ብሪታንያ አዲስ ለገባችሁ፦ የውሸት ሽጉጥ መሸጥም ያስከስሳል

ብሪታንያ ስትገቡ ብዙዎቻችሁ መጀመሪያ የምታገኙት ሥራ ሱቅ ውስጥ ነው። አንዳንዶቻችሁ ደግሞ ልጆች የጠገቡትን ዕቃ በኢንተርኔት ወይም በአሮጌ ዕቃ ገበያ ትሸጣላችሁ። በሁለቱም ቦታ ሳታስቡት ፍርድ ቤት ሊያቆማችሁ የሚችል አንድ ዕቃ አለ፤ የውሸት ሽጉጥ። «አይገድል፣ ምን ያመጣል?» የሚል ሰው ብዙ ነው። ሕጉ ግን መግደል አለመግደሉን ብቻ አይመለከትም። ዕቃው ምን እንደሚመስልና ወደ ምን ሊለወጥ እንደሚችልም ያያል። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

መነሻው የኃይል ወንጀልን ለመቀነስ በ2006 የወጣው ሕግ ነው። ይህን የሚመለከተው ክፍል ሥራ ላይ የዋለው ከኦክቶበር 1 ቀን 2007 ጀምሮ ነው። ከእውነተኛው የማይለይ የጦር መሣሪያ አምሳያ ማምረት፣ ከውጭ ማስገባትና መሸጥ ወንጀል ሆነ። እስራትም መቀጮም አለው። ባለ ሱቅ ብቻ ሳይሆን ቤቱ ቁጭ ብሎ በስልኩ የሚሸጥም ሰው ይጠየቃል። ከውጭ በፖስታ የሚያስመጣም እንዲሁ፤ ጥቅሉ ድንበር ላይ ሊያዝ ይችላል።

ታዲያ እውነተኛ የማይመስለው የትኛው ነው? ዋናው ነገር ቀለሙ ነው። አብዛኛው አካሉ ደማቅ ቀይ፣ ብርቱካናማ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ሮዝ፣ ሐምራዊ ወይም ሰማያዊ ከሆነ፣ ወይም ውስጡ የሚታይ ከሆነ፣ እውነተኛ ይመስላል አይባልም። ቁመቱ ከ38 ሚሊሜትር፣ ርዝመቱም ከ70 ሚሊሜትር ያነሰ ትንሽዬ ዕቃም አያሳስብም። ጥቁር ሆኖ ጫፉ ላይ ብቻ ብርቱካናማ የተቀባው ግን አይበቃም። ይህ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር ነው። ሌላም አለ፤ ደማቁን አሻንጉሊት ልጁ «እውነተኛ ይምሰልልኝ» ስላለ ቤት ውስጥ ጥቁር መቀባት ራሱን የቻለ ጥፋት ነው። እባካችሁ አታድርጉት።

ሱቅ ለምትሠሩ፦ ከ18 ዓመት በታች ለሆነ ሰው የሽጉጥ አምሳያ አይሸጥም፤ ቀለሙ ደማቅ ቢሆንም። ልጁ ራሱ መግዛቱም ወንጀል ነው። ዕድሜው ካጠራጠራችሁ መታወቂያ ጠይቁ። ባለቤቱ «ዝም ብለሽ ሽጪ» ቢል እንኳን እጅ በእጅ የሸጠችው ሠራተኛም ልትጠየቅ ትችላለች።

አሁን ከሁሉ ወደሚያሳስበኝ ልምጣ፤ ጥይቱ እርሳስ የሌለው፣ ባሩዱ ብቻ ተቀጣጥሎ ድምፅ የሚያሰማው ሽጉጥ። ብላንክ የሚሉት ነው። ለውሻ ማሠልጠኛ፣ ለቲያትርና ለሩጫ ማስጀመሪያ ይውላል። እንዲህ ያለው መሣሪያ በብሪታንያ 18 ዓመት ለሞላው ሰው ያለ ፈቃድ ይሸጥ ነበር። ነገር ግን በ1982 የወጣ ሕግ አለ። የተለየ ሙያና የተለየ መሣሪያ ሳያስፈልግ ወደሚገድል ሽጉጥ በቀላሉ ሊለወጥ የሚችል አምሳያ፣ ሕጉ እንደ እውነተኛ የጦር መሣሪያ ይቆጥረዋል። ቱርክ ተሠርተው የገቡ፣ ጋዛቸውን በላይ በኩል የሚያስወጡ ሽጉጦች እዚህ ውስጥ ወደቁ። ሬታይ፣ ኤኮል፣ ሲዮኒክና ብሎው የሚባሉት ናቸው። ወንጀለኞች እየለወጡ ሲጠቀሙባቸው ፖሊስ ደጋግሞ አገኛቸው። ስለዚህ ከፌብሩዋሪ 3 እስከ 28 ቀን 2025 በእንግሊዝና በዌልስ ያለ ክስ የማስረከቢያ ጊዜ ተሰጠ። ያ ጊዜ አልፏል። ዛሬ ቤት ውስጥ ማስቀመጡ ብቻ እስከ 10 ዓመት ሊያስቀጣ ይችላል።

ይህን የምለው አዲስ የመጣ ሰው በቀላሉ ስለሚታለል ነው። የድሮ ማስታወቂያ ላይ «ፈቃድ አያስፈልገውም» የሚል ጽሑፍ ታያላችሁ። ጓደኛም «ሕጋዊ ነው፣ እኔ ከሱቅ ነው የገዛሁት» ይላል። ሲገዛ እውነቱን ሊሆን ይችላል። እናንተ ስትሸጡት ግን ነገሩ ተለውጧል። እንዲህ ያለ ዕቃ እጃችሁ ከገባ አትሽጡት፣ ለሰውም አትስጡት፣ ቆሻሻ ውስጥም አትጣሉት። ይዛችሁም ጣቢያ አትሂዱ። መጀመሪያ አስቸኳይ ላልሆነ ጉዳይ ፖሊስ የሚገኝበት 101 ደውሉና ምን ማድረግ እንዳለባችሁ ጠይቁ።

የዓድዋ በዓል ሲደርስ ፉከራና ሽለላ አለ፤ ያለ ጠመንጃ ደግሞ ፉከራው አይደምቅም። ለቲያትር፣ ለፊልምና ለሙዚየም ሕጉ መሸጥንና ማስገባትን ይፈቅዳል፤ ዓላማውን ማስረዳት ግን የሻጩ ዕዳ ነው። አምሳያው የጥንት ነው ብላችሁ አትመኑ፤ ሕጉ የሚያልፈው መልኩና አሠራሩ ከ1870 በፊት የነበረውን ዓይነት ነው። ውጅግራችን የ1874 ሞዴል ነው። አዳራሽ ውስጥ መያዝና መንገድ ላይ መያዝም አንድ አይደለም። ያለ በቂ ምክንያት የውሸት መሣሪያን በአደባባይ መያዝ እስከ 12 ወር ያስቀጣል፤ ሰው ለማስፈራራት ከሆነ እስከ 10 ዓመት። በሣጥን ዘግታችሁ ውሰዱት፤ አላፊ አግዳሚ አይቶ የድንገተኛ ጥሪ ቁጥሩ 999 ቢደውል የሚመጣው መሣሪያ የታጠቀ ፖሊስ ነው።

ዜግነት ላላገኘ ሰው 12 ወር የሚለው ቁጥር ከባድ ነው። በ2007 በወጣው ሕግ መሠረት የውጭ ዜጋ 12 ወርና ከዚያ በላይ ከተፈረደበት፣ በሕጉ ከተቀመጡት ጥቂት ሁኔታዎች በስተቀር ከአገር የማስወጣት ትእዛዝ ይከተለዋል። ከዚያ ያነሰ ቅጣትም ቢሆን የመኖሪያ ፈቃድና ዜግነት ሲጠየቅ ይነሳል።

ሰሜን አየርላንድ የራሱ የጦር መሣሪያ ሕግ አለው። ስኮትላንድ ደግሞ ከ2016 መጨረሻ ጀምሮ በአየር ግፊት ለሚተኩስ መሣሪያ ፈቃድ ይጠይቃል።

በእንግሊዝና በዌልስ ፖሊስ ለጥያቄ ከያዛችሁ፣ ጣቢያ ውስጥ ጠበቃ በነፃ ይቆምላችኋል፤ አስተርጓሚም እንዲሁ። እንግሊዝኛችሁ ጥሩ ቢሆንም ሁለቱንም ጠይቁ፤ ጠበቃው ሳይመጣም ስለ ዕቃው ምንም አትናገሩ።