«ገብቷል» ሲሏችሁ የት እንደገባ ጠይቁ፦ ጠቅልሎ ለሚገባና አሜሪካ የጡረታ ሂሳብ ላለው

ሰሞኑን ተመሳሳይ ጥያቄ በዛብኝ። «ጠቅልዬ አገር ቤት ልገባ ነው፤ 401ኬዬን (አሜሪካ በመሥሪያ ቤት በኩል የሚጠራቀመውን የጡረታ ሂሳብ) ምን ላድርገው?» ለእያንዳንዱ በስልክ መመለስ ስለደከመኝ አንዴ ልጻፈው። የሂሳብ ባለሙያ አይደለሁም። ከስሬ የተማርኩ ሰው ነኝ።

ደንቡን ቶሎ ቶሎ ልበለው። አሜሪካን ስለለቀቃችሁ ገንዘቡን አውጡ የሚላችሁ ሕግ የለም። ከ59 ዓመት ተኩል በፊት ከ401ኬ ወይም ከመደበኛው አይአርኤ (ሰው በግሉ ከሚከፍተው የጡረታ ሂሳብ) ካወጣችሁ ግን ከግብሩ ሌላ ካወጣችሁት ገንዘብ 10 በመቶ ቅጣት አለ። አገር መቀየር ከዚህ ቅጣት አያድንም። 55 ዓመት በሞላችሁበት ዓመት ወይም ከዚያ በኋላ ሥራ ከለቀቃችሁ፣ ከዚያው መሥሪያ ቤት 401ኬ ስታወጡ ቅጣቱ ይቀራል። ገንዘቡን ወደ አይአርኤ ካዛወራችሁት ግን ይህ ዕድል አብሮ አይሄድም። «ሙልጭ አድርገህ አውጣና ቤት ሥራበት» የሚላችሁ ዘመድ ግብሩን አይከፍልላችሁም።

የአሜሪካ ዜጋ የትም ቢኖር በየዓመቱ ለአሜሪካ ግብር ሰብሳቢ፣ ለአይአርኤስ፣ ገቢውን ያሳውቃል። ውጭ ለሚሠራ ሰው ደመወዝ የተፈቀደው ከግብር ነፃ መሆን ጡረታን አይጨምርም። ኢትዮጵያ ባንክ ያላችሁ ገንዘብ በዓመቱ ውስጥ አንድ ቀን እንኳ በድምሩ ከ10,000 ዶላር ካለፈ እሱም ይገለጻል። ግሪን ካርድ ያላችሁ ደግሞ፣ ካርዱ መሳቢያ ውስጥ ስለተኛ የተመለሰ አይምሰላችሁ። በአይ-407 ፎርም እስክትመልሱት ወይም በሕግ እስኪሰረዝ ድረስ ግብሩ ይከተላችኋል። ከ15 ዓመት ውስጥ በ8ቱ ይዛችሁት ከነበረ ስትመልሱት የመውጫ ግብር ይመለከታችሁ እንደሆነ የሚታይበት ፎርም 8854 አለ። ይህ ግብር ሀብታሞችን ብቻ የሚነካ እንዳይመስላችሁ። ያለፉትን 5 ዓመታት ግብር በደንቡ እንዳሳወቀ ማረጋገጥ ያልቻለውንም ይይዛል። የተያዘ ሰው አይአርኤው በአንድ ቀን በሙሉ እንዳወጣው ተቆጥሮ ግብር ይጠየቅበታል።

ካርዱን ከመለሳችሁ በኋላ ለአሜሪካ ነዋሪ ያልሆነ የውጭ ዜጋ ናችሁ። ስታወጡ በመደበኛው 30 በመቶ ይቆረጣል። ካናዳ የገባው ወዳጃችሁ በየወሩ ከሚወስደው ጡረታ 15 በመቶ ብቻ ቢቆረጥበት ሁለቱ አገሮች ስምምነት ስላላቸው ነው። ኢትዮጵያና አሜሪካ ተደራራቢ ግብር የሚያስቀር የገቢ ግብር ስምምነት የላቸውም። በ12 ወር ውስጥ ከ183 ቀን በላይ ኢትዮጵያ የቆየ ሰው ደግሞ እዚህም ነዋሪ ነው፤ ነዋሪ በውጭ ገቢውም ይጠየቃል። ስለዚህ ቲኬት ሳትቆርጡ ሁለቱንም ወገን የሚያውቅ ባለሙያ አማክሩ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ። ባንክ የሚሠራ አማች ባለሙያ አይባልም።

አሁን ወደ ራሴ ጉድ ልምጣ።

ስገባ 52 ዓመቴ ነበር። ብዙ የኢንቨስትመንት ድርጅቶች የውጭ አድራሻ ሲያዩ ሂሳቡን ይገድባሉ፣ አንዳንዶቹም ዝጋ ይላሉ። እኔም ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ የአጎቴን ልጅ አድራሻ ሰጠሁ። ስልኬን እሱ ቤት ተውኩት፤ ኮድ ሲመጣ ያነብልኛል። ትርፍራፊ ቢሎች እንዲከፍልልኝም የጋራ የባንክ ሂሳብ ከፈትን።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር። ሌባ አይደለም። እናቴ የታመመች ጊዜ ሳይነገረው ገንዘብ የላከ ሰው ነው። አንዲት ሳንቲም አልነካብኝም።

ከድሮ መሥሪያ ቤቴ 401ኬ ላይ 40,000 ዶላር ወደ አይአርኤ ላዛውር ፈለግኩ። እሱ ፎርሙን በስልክ ያነብልኛል፣ እኔ እመልሳለሁ። እዚህ እኩለ ሌሊት ነው። «ቼኩ በአንተ ስም ይሁን ወይስ በአዲሱ ድርጅት?» አለኝ። «በእኔ ነዋ! ገንዘቡ የኔ አይደል?» አልኩት።

ያቺ መልስ ናት ጉድ የሠራችኝ። ገንዘቡ ከድርጅት ወደ ድርጅት በቀጥታ ቢሄድ አንድም ሳንቲም አይቆረጥም ነበር። በስሜ ሲወጣ 20 በመቶው ለግብር ተይዞ ይቀራል፣ ገንዘቡን አዲሱ የጡረታ ሂሳብ ውስጥ ለማስገባት የተሰጠው የ60 ቀን ቆጠራም ይጀምራል። እኔ ይህን አላውቅም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደወለ። «ገብቷል» አለኝ። «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ ዘጋሁት።

የገባው የጋራ ሂሳባችን ውስጥ ነበር። 32,000 ዶላር፣ የቢል መክፈያው ውስጥ፣ ከግንቦት እስከ ጥር ቁጭ አለ። ያወቅኩት በዓመቱ ከጡረታ ሂሳብ የወጣውን የምታሳየው 1099-አር የምትባለዋ ወረቀት እሱ ቤት ደርሳ በቴሌግራም ፎቶዋን ሲልክልኝ ነው። ያኔ 60ው ቀን ካለፈ ስንት ወሩ! ሙሉው 40,000 የዚያ ዓመት ገቢዬ ሆኖ ተቆጠረ። ላዩ ላይ 4,000 ዶላር ቅጣት። በነገራችን ላይ፣ በ60 ቀኑ ውስጥ ብነቃ እንኳ ሙሉውን ለማዳን የተያዘውን 8,000 ከኪሴ ሞልቼ ማስገባት ነበረብኝ።

ለምን አልጠየቅኩም? ሁለት ጊዜ ልጠይቅ ብዬ ተውኩት። የባንኩን ወረቀት አሳየኝ ብለው ጠረጠረኝ ይላል ብዬ ፈራሁ። እሱም ቼኩ 32,000 መሆኑን ሲያይ ግራ ገብቶት ነበር። አስቦበት ያደረገው ነው፣ በሰው ገንዘብ ምን አገባኝ ብሎ ዝም አለ። ይሉኝታ ይዞን ሁለታችንም ተከባብረን ገንዘቡን አስበላነው።

ስቆጣ ደግሞ ተቀየመኝ። ሽማግሌ ገባ። አክስቴ «በገንዘብ ነው ወንድምህን የምታስቀይመው?» አለችኝ። ይቅርታ የጠየቅኩት እኔ ነኝ። 4,000 ዶላር ቅጣት ከፍዬ!

አድራሻው ሌላም ጣጣ አመጣ። ክፍለ ግዛቱ «አድራሻህም መንጃ ፈቃድህም እዚህ ነው፤ እንደ ነዋሪ ግብር አሳውቅ» ብሎ ጻፈልኝ። እ.ኤ.አ. ከ1996 ወዲህ ክፍለ ግዛቶች ነዋሪያቸው ያልሆነን ሰው የጡረታ ገቢ እንዳይቀርጡ በፌዴራል ሕግ ተከልክለዋል። ችግሩ፣ ነዋሪ ያስመሰልኩት ራሴው ነኝ። በፓስፖርት ማህተምና በቤት ኪራይ ውል ተሟግቼ ወጣሁ።

ስለዚህ ማንን ልመን ለምትሉኝ፦ ደረሰኝ አምጣ ብላችሁ ሳታፍሩ የምትጠይቁትን ሰው። እኔ ዛሬ የማላውቀውን ሰው እየከፈልኩ አሠራለሁ። ባዘገየ ቁጥር እቆጣዋለሁ፣ አክስቴም አትደውልም። ዘመድ ካላችሁ ፖስታ ይቀበል፣ ፎቶ ያንሳ፣ ያብቃ። የይለፍ ቃል አትስጡ። ስልክ ቁጥራችሁን ይዛችሁ ሂዱ። የውጭ አድራሻ የሚቀበል ድርጅት ሳትወጡ ፈልጉ። ኤምባሲ የሚሠራው ውክልና ለአገር ቤት ጉዳይ ነው፤ የአሜሪካ ድርጅቶች ብዙ ጊዜ የራሳቸውን ፎርም ይጠይቃሉ። የአገር ቤቱን ስትሰጡም «ለመሸጥ፣ ለመለወጥ» የምትለዋን ቃል ያለምክንያት አታስገቡ።

የወራሽ ፎርሙንም ዛሬ ማታ ክፈቱት። አንድ ወዳጃችን ላጤ እያለ አይአርኤው ላይ ወንድሙን ጽፎ ነበር። አገባ፣ ወለደ፣ ኑዛዜም ጻፈ፣ አረፈ። ገንዘቡ ለወንድምየው ሄደ። ፎርሙ ከኑዛዜ ይበልጣል። በ401ኬ ሚስት ወይም ባል በጽሑፍ ካልፈቀዱ ወራሾቹ እነሱ ናቸው፤ አይአርኤ ላይ ግን ይህ የፌዴራል ከለላ የለም። ስታዩት የስሙን ፊደልም ከፓስፖርቱ ጋር አስተያዩ። የባለቤቴ ስም ፎርሙ ላይ በአንድ ዓይነት፣ ፓስፖርቷ ላይ በሌላ ዓይነት ነበር የተጻፈው። ያቺን ፊደል ለማስተካከል ብቻ ሦስት ጊዜ ደወልኩ።