ከውጭ ዜጋ ጋር ስትጋቡ፦ የምዝገባ፣ የስምና የፓስፖርት ጣጣ እንዴት ይያዛል?

ከውጭ አገር ዜጋ ጋር የተጋባ ኢትዮጵያዊ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ፓስፖርቴን መቀየር አለብኝ?» ብሎ ነው። የለባችሁም። ፓስፖርቱ ላይ ያገባ ወይም ያላገባ የሚል መስመር የለም። ሚስት የባሏን ስም የምትወስድበት ልማድም የለንም። ስለዚህ ጋብቻ ብቻውን ፓስፖርት አያስቀይርም። ዜግነትም አያሳጣም፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 33 ኢትዮጵያዊ፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ ከውጭ ዜጋ ጋር በመጋባቱ ዜግነቱ እንደማይቀር በግልጽ ይደነግጋል። ሰው የሚመላለሰው በሌላ ምክንያት ነው፤ በየወረቀቱ ያለው ስምና ቀን አይገጥምም። ይህ ደግሞ ከጋብቻው በፊት ካልተስተካከለ በጋብቻ ምስክር ወረቀቱ ላይ ታትሞ ይቀራል።

ስም

የልደት ምስክር ወረቀት፣ የነዋሪነት መታወቂያ፣ ፋይዳና ፓስፖርት ጎን ለጎን ዘርግታችሁ እዩ። በአማርኛው አንድ የሆነው ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ ነው ጉዱ የሚወጣው። «ቅ»ን አንዱ ቢሮ በኬ፣ ሌላው በኪው ይጽፈዋል። «ፀ» አንድ ቦታ በቲ እና ኤስ፣ ሌላ ቦታ በኤስ ብቻ ይገባል። «ተክለ ሃይማኖት» ልደቱ ላይ ተያይዞ፣ ፓስፖርቱ ላይ ተለያይቶ ይገኛል። ለእኛ ይህ ምንም አይደለም፤ ለኤምባሲ ሠራተኛ ግን ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው።

በፓስፖርቱ የፎቶ ገጽ ግርጌ፣ የቀስት ጫፍ የሚመስሉ ምልክቶች የተደረደሩባቸው ሁለት መስመሮች አሉ። ማሽን የሚያነበው እነሱን ነው። ቪዛውም የአውሮፕላን ትኬቱም በዚያ አጻጻፍ ይሠራል። ስለዚህ ሌላው ወረቀት ወደ ፓስፖርቱ ይምጣ እንጂ ፓስፖርቱ ወደ ሌላው አይሂድ። ከዚህ ውጭ የሚሆነው ፓስፖርቱ ራሱ የተሳሳተ እንደሆነ ብቻ ነው፤ ለምሳሌ የአያት ስም ተዘልሎ ወይም የትውልድ ዓመት ተዛብቶ ከሆነ። ያን ጊዜ ከጋብቻው በፊት ፓስፖርቱን ማሳረም ይሻላል፤ ምክንያቱም ከጋብቻ በኋላ የሚወጣው ሁሉ የድሮውን የፓስፖርት ቁጥርና አጻጻፍ ይዞ ይወጣል።

መዝጋቢው የሚጽፈው በጆሮው የሰማውን ነው። የሁለታችሁንም ስም በፓስፖርቱ አጻጻፍ በትልልቅ ፊደል በቁራጭ ወረቀት ጽፋችሁ ስጡት። ከመታተሙ በፊት ስክሪኑ ላይ አሳዩን በሉ፤ ፊደል በፊደል አንብቡ። ከኋላችሁ ሰልፍ አለ ብላችሁ አትፈሩ። ተፈርሞ ማኅተም ካረፈበት በኋላ ማረም ማመልከቻ፣ ማስረጃ፣ አንዳንዴም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይጠይቃል።

የውጭ ዜጋው ስም ደግሞ የራሱ ችግር አለው። የእኛ ቅጽ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ይላል። የእሱ ፓስፖርት ግን መጠሪያ ስምና የቤተሰብ ስም ነው ያለው፤ አንዳንዱም መካከለኛ ስም አለው። መካከለኛው ስም «የአባት ስም» በሚለው ቦታ ሲገባ ሰውየው በራሱ አገር መዝገብ የማይታወቅ አባት ይኖረዋል። ይባስ ብሎ የእውነተኛ አያቱን ስም ጠይቆ የሚጽፍ መዝጋቢም አይታጣም። መፍትሔው ስሞቹ በፓስፖርቱ ቅደም ተከተል፣ ሳይጨመርና ሳይቀነስ እንዲገቡ የፓስፖርቱን ኮፒ ከማመልከቻው ጋር ማያያዝና ይህንኑ በቃልም በጽሑፍም መጠየቅ ነው።

ቀን

የትውልድ ቀን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሲመነዘር ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ድረስ ዓመቱ ላይ 7፣ ከታኅሣሥ 23 ጀምሮ 8 ይደመራል። ይህን ሁሉም ያውቀዋል። የሚረሳው ዘመነ ዮሐንስ ነው። ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነችበት ከዘመነ ሉቃስ ቀጥሎ የሚመጣው ዓመት መስከረም 1 በሴፕቴምበር 11 ሳይሆን በ12 ይገባል፤ የአንድ ቀኑ ልዩነት እስከ የካቲት 21 ድረስ እንደዚያው ይቆያል፤ የዓመቱ መዞሪያም በታኅሣሥ 22 ይሆናል። ዓመቱን ለ4 አካፍሉት፤ ቀሪ ከሌለው ዘመነ ዮሐንስ ነው፤ 1980፣ 1984፣ 1988፣ 1992።

ጥር 15 ቀን 1988 የተወለደች ሴት እንውሰድ። በተለመደው ሰንጠረዥ ጃንዋሪ 23 ቀን 1996 ይመጣል፤ ትክክለኛው ግን ጃንዋሪ 24 ነው። ልደቷን የሠራው ቢሮ 23፣ ፓስፖርቷን የሠራው 24 ካሉ ሁለቱም የመንግሥት ማኅተም ያለባቸው ወረቀቶች ተጣልተዋል ማለት ነው። እዚህም መርሁ ያው ነው፦ ፓስፖርቱ ላይ ያለው ቀን ይያዝ፤ ልደቱ ይስተካከል።

ጋብቻው ሲፈጸም

በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው። ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸው፤ ዝርዝሩን እዚያው ጠይቁ። በአዋጁ መሠረት በክብር መዝገብ ሹም (ጋብቻ በሚያስፈጽመውና በሚመዘግበው የመንግሥት ሠራተኛ) ፊት ለመጋባት ከተጋቢዎቹ የአንዱ ወይም የወላጅ አልያም የቅርብ ዘመድ መኖሪያ በአካባቢው ቢያንስ ለ1 ወር ያለማቋረጥ የቆየ መሆን አለበት። ለመጋባት ማሰባችሁንም ከጋብቻው ቢያንስ 1 ወር ቀድማችሁ ለሹሙ ማሳወቅ አለባችሁ። እጮኛው ለ2 ሳምንት ፈቃድ ሊመጣ ከሆነ ይህን ሳታዩ ትኬት አትቁረጡ። በውክልና መጋባትም የለም፤ ሁለቱም በአካል ተገኝተው ነው የሚስማሙት። በከባድ ምክንያት ፍትሕ ሚኒስቴር ካልፈቀደ በቀር ውክልና አይሠራም። ምስክሮች ከእያንዳንዱ ወገን 2፣ በድምሩ 4 ናቸው፤ መታወቂያቸው ጊዜው ያላለፈበት ይሁን። ምስክር መታወቂያው አልፎበት ቀጠሮ የሚበላሽበት ጊዜ ብዙ ነው።

ከውጭ ዜጋው የሚፈለገው ፓስፖርት፣ ጊዜው ያልጨረሰ ቪዛ ወይም የመኖሪያ ፈቃድ፣ ጉርድ ፎቶ እና ያላገባ ማስረጃ ነው። ይህ ማስረጃ በጣም የሚያንከራትተው ወረቀት ነው። አንዳንድ አገሮች ኤምባሲያቸው ራሱ ይሰጣል፤ አንዳንዶች ከአገር ቤት ማዘጋጃ ይወጣል፤ አንዳንዶች ደግሞ እንዲህ የሚባል ወረቀት የላቸውም፣ ሰውየው ራሱ ምሎ የሚፈርምበት ቃለ መሐላ ብቻ ነው ያላቸው። ኤምባሲው አዲስ አበባ ከሌለ ለኢትዮጵያ የተወከለው በሌላ አገር ዋና ከተማ ሊሆን ይችላል፤ ይህን በመጀመሪያው ሳምንት አጣሩ። ወረቀቱ ቶሎ ስለሚያረጅ ሌላው ሁሉ ሲያልቅ መጨረሻ ላይ ይውጣ።

ከዚህ በፊት ያገባና የፈታ ሰው ያላገባ ማስረጃ አይበቃውም። የፍቺው ውሳኔ፣ የትዳር ጓደኛው ከሞተም የሞት ምስክር ወረቀት ይጨመራል። ሴት ከሆነች ደግሞ የቀድሞው ጋብቻ ከፈረሰ 180 ቀን መሙላቱ ይታያል፤ ካልሞላ እርጉዝ አለመሆኗን የሚያሳይ የሕክምና ማስረጃ ጉዳዩን ይፈታዋል።

በቤተ ክርስቲያን፣ በመስጊድ ወይም በሽማግሌ የተፈጸመ ጋብቻ በሕግ ፊት የጸና ነው። ግን የሃይማኖት ተቋሙ ወረቀት ብቻውን የመንግሥት ምስክር ወረቀትን አይተካም። በወሳኝ ኩነት አዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ጋብቻ በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። ዓመታት ቆይቶ ቪዛ ሲጠየቅ ወደ ወረዳ መሮጥ ይቻላል፤ ነገር ግን ዛሬ የወጣ ምስክር ወረቀት የድሮ ሠርግ ሲናገር የቪዛ መርማሪ ቅንድቡን ከፍ ማድረጉ አይቀርም።

ውጭ አገር ከተጋባችሁ በዚያው አገር ሕግ የተፈጸመ ጋብቻ፣ ሥነ ምግባርን የሚቃረን ካልሆነ፣ ኢትዮጵያ ውስጥም የጸና ነው። እንደገና መጋባት አያስፈልግም፤ ማስመዝገብ ነው።

ማኅተም ላይ ማኅተም

ከውጭ የሚመጣ ሰነድ በተለመደው መንገድ በሦስት እጅ ያልፋል። መጀመሪያ የዚያ አገር የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ያረጋግጠዋል፤ ቀጥሎ በዚያ አገር ያለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ፤ በመጨረሻ አዲስ አበባ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር። አፖስቲል (በስምምነቱ አባል አገሮች መካከል የኤምባሲን ማረጋገጫ የሚተካ ማኅተም) ያለበት ወረቀት ይዛችሁ ከሆነም የኢትዮጵያ ኤምባሲ ማኅተም ይጨመርበት እንደሆነ ከመነሳታችሁ በፊት ጠይቁ። አዲስ አበባ ደርሳችሁ የጎደለው የኤምባሲ ማኅተም ከሆነ ወረቀቱ ወደመጣበት አገር ይመለሳል። ይህ ከሁሉም በላይ ጊዜ የሚበላ ስህተት ነው።

ከዚህ ወደ ውጭ የሚሄድ ሰነድ ደግሞ ከሰጪው መሥሪያ ቤት በኋላ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ከዚያም በሚሄድበት አገር ኤምባሲ ይረጋገጣል። ትርጉሙ ማኅተሙንም ጭምር መተርጎም ስላለበት ኤምባሲው ትርጉምን ከማረጋገጫው በፊት ወይም በኋላ እንደሚፈልግ፣ የሚቀበላቸው ተርጓሚዎች ዝርዝር እንዳለውም ጠይቁ። ምስክር ወረቀቱን ላሚኔት አታድርጉ፤ የተለበጠ ወረቀት ማኅተም አይይዝም።

ራሳችሁ መመላለስ ካልቻላችሁ ውክልና ስጡ፤ ግን «ማንኛውንም ጉዳይ» የሚል ውክልና ብዙ መስኮት ላይ ይመለሳል። «የጋብቻ ምስክር ወረቀት እንዲያወጣልኝ፣ እንዲያሳርምልኝ፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር እንዲያስረጋግጥልኝ» ተብሎ ይዘርዘር። ውጭ ሆናችሁ በኤምባሲ የፈረማችሁት ውክልና አዲስ አበባ ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ከዚያም በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት ማለፍ አለበት። ለፓስፖርት ግን የጣት አሻራ ስላለ ባለቤቱ ራሱ ይቀርባል። «ሲስተም የለም» የሚባልበት ቀን ስለማይታወቅ በረራችሁን ከቀጠሮው ማግስት አታድርጉት።

የባል ስም መውሰድ

ውጭ አገር የተጋባች ሴት ባለሥልጣኑ «የባልሽን ስም ትወስጃለሽ?» ሲላት በደስታ አዎ ትላለች። ከዚያ የመኖሪያ ፈቃዷ በአንድ ስም፣ ኢትዮጵያዊ ፓስፖርቷ በሌላ ስም ይሆናል። ፓስፖርቱን በዚያ ስም ለማስለወጥ የውጭ ጋብቻ ወረቀት ማሳየት ይበቃል ብላችሁ አትገምቱ፤ በእኛ ሕግ የስም ለውጥ በፍርድ ቤት የሚታይ ጉዳይ ነው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት እስከያዛችሁ ድረስ ስማችሁን ባትነኩት እንመክራለን። አስቀድሞ ከተቀየረ ትኬት ሁልጊዜ በምትጓዙበት ፓስፖርት ስም ይቆረጥ፤ የተረጋገጠ የጋብቻ ምስክር ወረቀት ኮፒም በእጅ ቦርሳ እንጂ በሻንጣ አይሁን።

የትዳር ጓደኛው እዚህ ሲኖር

ጋብቻ የመኖሪያ ፈቃድ ለመጠየቅ መነሻ ይሆናል እንጂ ራሱ ፈቃድ አይደለም። ቪዛው ሳያልቅ ወደ ኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት ይኬድ፤ ያለፈ ቪዛ ቅጣት ያስከፍላል፣ መውጫውንም ያጓትታል። ዜግነት ከፈለገ አዋጅ ቁጥር 378/1996 ጋብቻው ቢያንስ 2 ዓመት የሞላው እንዲሆን፣ ከማመልከቻው በፊትም ኢትዮጵያ ውስጥ ቢያንስ 1 ዓመት መኖርን ይጠይቃል። የቀድሞ ዜግነቱን መተዉን ወይም መተው የሚችል መሆኑንም ማሳየት አለበት። ሁለቱን ዜግነት ደርቦ መያዝ እንደማይቻል ቀድማችሁ ብትነጋገሩ ይሻላል።

ልጅ

ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ ከሆነ ልጁ በትውልድ ኢትዮጵያዊ ነው። ልደቱ በ90 ቀን ውስጥ ይመዝገብ። የስሙ ችግር እዚህም ይመለሳል፤ የውጭ ዜጋው አባት መጠሪያ ስም «የአባት ስም»፣ የቤተሰብ ስሙ ደግሞ «የአያት ስም» ቦታ ላይ ካልገባ፣ የልጁ ስም በአባቱ አገር ፓስፖርት ላይ ከሚወጣው ጋር አይገጥምም። አባቱ ሁለት መጠሪያ ስም ካለው የትኛው እንደሚገባ ከምዝገባው በፊት የአባቱን ኤምባሲ ጠይቁ።

በወላጁ ምክንያት የሌላ አገር ዜግነት ያገኘ ልጅ 18 ዓመት ከሞላው በኋላ በ1 ዓመት ውስጥ ሌላውን ትቶ ኢትዮጵያዊነቱን እንደሚመርጥ ካላሳወቀ፣ ሕጉ የኢትዮጵያ ዜግነቱን በፈቃዱ እንደተወ ይቆጥረዋል። የ19ኛ ዓመት ልደቱ ሳይደርስ ቤተሰቡ ተቀምጦ የሚወስንበት ጉዳይ ነው። እናንተም በትዳር ጓደኛችሁ አገር ዜግነት ስትወስዱ የኢትዮጵያው ወዲያው ይቀራል፤ በድሮው ፓስፖርት መግባትም መውጣትም ይቁም። የፓስፖርቱን ሁሉንም ገጽ ግን ከማስረከባችሁ በፊት ስካን አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ስታመለክቱ ኢትዮጵያዊ እንደነበራችሁ የምታሳዩበት ማስረጃ ነው።