ከጎበዝ ጋር ተጫውቶ መሸነፍ፦ የቱ ጋ ነው የተበላሸው?

ቅዳሜ ከሰዓት ሐዋሳ ፍቅር ሐይቅ አካባቢ ዛፍ ጥላ ሥር ቼዝ እንጫወታለን። የተሸነፈ ሰው እርምጃዎቹን የጻፈበትን ወረቀት ይዞ ይመጣና "ጋሼ፣ የቱ ጋ ነው የተበላሸው?" ይለኛል። አብረን ከመጀመሪያው እናየዋለን። ብዙ ጨዋታ ስላየሁ የሚደጋገመውን ለይቼ አውቄዋለሁ።

ምልክት፦ በ10 እርምጃ ውስጥ ማት (ንጉሡ ማምለጫ አጥቶ መሸነፍ)። መንስኤው ንጉሡ አጠገብ ያለውን ኤፍ2 ወይም ኤፍ7 መርሳት ነው (ፊደሉ የቤቱን ዓምድ፣ ቁጥሩ ረድፉን ይነግራል)። ከመንቀሳቀሳችሁ በፊት "የተጋጣሚዬ ቀጣይ ቼክ፣ ንጉሤን የሚያጠቃው እርምጃ፣ የት አለ?" በሉ። አለቀ።

ምልክት፦ ሰዓት አልቆ መሸነፍ። ከእያንዳንዱ እርምጃ ጎን የቀረውን ደቂቃ ጻፉ። ጊዜው የት እንደፈሰሰ ራሱ ይታያል።

ምልክት፦ ቢሾፑን (በሰያፍ የሚሄደውን ዕቃ) ወታደር መስሎኝ አስበላሁት። ይህ የዕቃው ጥፋት ነው። ሁለቱን የማይለይ ቀላል የፕላስቲክ ቼዝ ይሸጣሉ። ከሐይቁ ትንሽ ነፋስ ሲነሳ ግማሹ ይወድቃል። በእሱ ልጅ አታስተምሩ። እባካችሁ።

አሁን ወደ ዋናው።

ምልክት፦ "እስከ 20ኛው እርምጃ እኩል ነበርን። ምንም አልጣልኩም። ከዚያ እንዴት እንደተሸነፍኩ አላውቅም።"

ይህን ያለኝ ሰው ስንት እንደሆነ አልቆጥረውም። መንስኤውም ሁሌ አንድ ነው፦ ከፍርሃት የመጣ መበላላት፣ ዕቃ በዕቃ መለዋወጥ። ተጋጣሚው ጎበዝ ሲሆን "ሁሉን ተበላልቼ አቻ ልውጣ" ይባላል። ዕቃ ሲቀንስ አደጋም የሚቀንስ ይመስላል። ግን ጎበዙ ከእናንተ አብልጦ የሚያውቀው ያንኑ ባዶ ሜዳ ነው። ከ1921 እስከ 1927 የዓለም ሻምፒዮን የነበረው ካፓብላንካ ስንቱን ያሸነፈው ቀለል ባለ፣ ዕቃ ባነሰበት ሜዳ ነው።

አንድ ባጃጅ ሹፌር ወዳጄ አለ። ነጭ ይዞ ከአንድ ጡረተኛ ጋር ተጫወተ። ንግሥቶቹ ወጥተዋል። የእሱ ሩክ (በቀጥታ መስመር የሚሄደው ዕቃ) ዲ1፣ የሽማግሌው ዲ8 ላይ ተፋጠዋል። የወዳጄ ሁለተኛ ሩክ ኤ1 ላይ ነው፤ መንገዱን ሲ1 ላይ ያለው ቢሾፕ ዘግቶታል። ንጉሡ ጂ1 ላይ፣ ሦስቱ ወታደሮች ፊቱ ሳይነኩ ቆመዋል። ተራው የእሱ ነው። ዲ8ን በላ። ሽማግሌው ከኤ8 መጥቶ መልሶ በላ። ቁጥሩ እኩል ነው። የዲ መስመር ግን የሽማግሌው ሆነ፤ ቀጥሎም ዲ1 ላይ ማት አለ! ወዳጄ ደንግጦ የኤች ወታደሩን ገፋ። ሽማግሌው ዲ1 ገብቶ ቼክ አለ። ንጉሡ ኤች2 ሸሸ። ቢሾፑ እንዳይነሳ ከኋላው ሩኩ አለ። ያንን ለመፍታት የቢ ወታደሩን ገፋ፣ ቢሾፑን ቢ2 አወጣ፣ ሩኮቹ ተበላሉ፣ ቢሾፑ ኤ1 ጥግ ላይ ቀረ። እስከዚያ የሽማግሌው ንጉሥ ወደ መሃል ሁለት እርምጃ ገብቷል። የቀረው የጊዜ ጉዳይ ነበር።

መፍትሄው? ዲ8ን አለመብላት። ቢሾፑን ኢ3 ማውጣት። ያኔ የኤ1 ሩክ ዲ1ን ይጠብቃል። ሽማግሌው ከበላ መልሶ የሚበላው ወዳጄ ነው፤ መስመሩም የእሱ ይሆናል። የሚበላው እርምጃውን ያጠፋል፣ መልሶ የሚበላው ዕቃውን ጥሩ ቦታ ያመጣል። ሁሌ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ግን እንዲህ ነው።

በእኛ በድሮው የኢትዮጵያ ቼዝ፣ በሰንጠረዥ፣ ሁለቱ ተጫዋቾች ወረራ በሚባለው መክፈቻ ላይ ተራ ሳይጠብቁ ዕቃቸውን ያሰልፉ ነበር። በተራ መጫወት የሚጀመረው የመጀመሪያው ዕቃ ሲበላ ነው። አባቶቻችን መብላት ጨዋታውን እንደሚለውጥ ገብቷቸዋል።

ስትመረምሩ እንዲህ አድርጉ። ወረቀቱ ላይ መበላላት ያለበትን ሁሉ አክብቡ። ለእያንዳንዱ "ማን ጀመረ? ከዚያ በኋላ የማን ዕቃ ተሻለ?" ብላችሁ በእጃችሁ ጻፉ። በመጨረሻ "ንጉሥና ወታደር ብቻ ቢቀር ማን ያሸንፋል?" በሉ። የነጭ ንጉሥ ኢ4፣ ወታደሩ ኢ3፣ የጥቁር ንጉሥ ኢ6 ላይ ይሁኑ። ተራው የነጭ ከሆነ አቻ ነው። የጥቁር ከሆነ ነጭ ያሸንፋል። አንዲት እርምጃ! ይህን ሳታውቁ ሁሉን አትበላሉ።

ማስጠንቀቂያ፦ ስቶክፊሽን፣ ቼዝ የሚመረምረውን ፕሮግራም፣ መጀመሪያ አትክፈቱ። ስልኩ "34ኛው እርምጃ ስህተት" ይላችኋል፤ በሽታው ግን 19ኛው ላይ ነበር። የራሳችሁን ግምት ሳትጽፉ አትክፈቱት። ከተሸነፋችሁ ደቂቃ ሳይሞላ ደግሞ በጭራሽ። ተጋጣሚያችሁን ጠይቁት፤ ጎበዞች ብዙ ጊዜ ደስ ብሏቸው ያሳያሉ። "ጎበዝ ስለሆነ ነው" ብላችሁም አትዝጉት። የተጫዋቾችን ብቃት በነጥብ በሚለካው በኢሎ ስሌት 400 ነጥብ የሚበልጣችሁ ሰው ላይ ከ100 ጨዋታ የሚጠበቀው ውጤት 9 ገደማ ነው (ማሸነፍ 1፣ አቻ ግማሽ ሲቆጠር)። መሸነፉ ያለ ነው፤ የት እንደተሸነፋችሁ አለማወቅ ግን ሌላ ነገር ነው።

ባጃጅ ሹፌሩ በሌላ ቅዳሜ ከዚያው ሽማግሌ ጋር ተቀመጠ። ሩኮቹ እንደገና ተፋጠጡ። እጁ ወደ ሩኩ ሄዶ ተመለሰ። ቢሾፑን ኢ3 አወጣ። ሽማግሌው መነጽሩን አስተካክሎ ብዙ አሰበ። ወዳጄ በስተመጨረሻ ተሸነፈ። ወረቀቱን ይዞ እየሮጠ መጣ፦ "ጋሼ፣ ዛሬ የተበላሸው ሌላ ቦታ ነው! አግኝቼዋለሁ፣ ላሳይህ።"