ቲንት ከማስለጠፋችሁ በፊት (ለዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ አዲስ ገቢዎች)

ያገለገለ መኪና ልትገዙ ከሆነ፣ ጎማና ሞተሩን ስታዩ መስታወቱንም እዩት። የቀድሞው ባለቤት ያስለጠፈው ቲንት (መስታወቱን የሚያጠቁረው ስስ ፊልም) ጣጣው ለእናንተ ነው የሚተርፈው።

መጀመሪያ ቲንት የሚታዘዝበትን ቁጥር እንረዳ። 35 ፐርሰንት ሲባል የጥቁረቱ መጠን አይደለም፤ በመስታወቱ አልፎ የሚገባው ብርሃን ነው። ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር መስታወቱ ይጠቁራል። «5 ትበቃኛለች፣ ቀለል ትበል» ብላችሁ ካዘዛችሁ፣ ድቅድቅ ጨለማ ተለጥፎላችሁ ትወጣላችሁ።

እዚህ አካባቢ በግማሽ ሰዓት መንገድ ውስጥ ሦስት ሕግ አለ። ቨርጂኒያ የፊት በሮች ላይ ቢያንስ 50፣ ከኋላ 35 ትፈልጋለች። ሜሪላንድ ለአውቶሞቢል የጎንና የኋላ መስታወቶችን በሙሉ 35 ትላለች። ዲሲ ጠበቅ ትላለች፤ አውቶሞቢል ከፊት 70፣ ከኋላ 50። የዲሲ ታርጋ ያለው ሰው የፊቱን በር ባይነካው ነው የምመክረው።

ለምን? የፋብሪካው መስታወት ራሱ የተወሰነ ብርሃን ያስቀራል። ባዶው መስታወት 75 የሚያሳልፍ ቢሆን፣ 35 የሚባለው ፊልም ሲለጠፍበት የሚቀረው 26 ገደማ ነው። ፖሊስ በመሣሪያ የሚለካው ደግሞ ሁለቱን አንድ ላይ ነው። ስለዚህ «35 አድርግልኝ» ማለት ሜሪላንድ ውስጥ ሊያስቀጣ ይችላል። ባለሙያው ለጥፎ ሲጨርስ እዚያው ለክቶ ያሳያችሁ፤ ቁጥሩን ደረሰኙ ላይ ይጻፈው። አልለካም ካለ ሌላ ሱቅ ሂዱ።

ሜሪላንድ ውስጥ ከተያዛችሁ የጥገና ትእዛዝ ሊሰጣችሁ ይችላል። ፊልሙን አስነቅላችሁ ካላስመረመራችሁ የመኪናው ምዝገባ ይታገዳል፤ ወረቀቱን ኪስ ውስጥ አትርሱት። ቨርጂኒያ ከ2021 ወዲህ ፖሊስ ለቲንት ብቻ ብሎ አያስቆምም። ያ ማለት ግን ተፈቀደ ማለት አይደለም።

ፖሊስ ካስቆማችሁ፣ አገር ቤት እንደለመድነው ወርዶ ወደ ትራፊኩ መሄድ የለም። ከመኪናው አትውረዱ። መስታወቶቹን ዝቅ፣ ማታ ከሆነ የውስጥ መብራቱን አብሩ፣ እጃችሁን መሪው ላይ አድርጉ። በጠቆረ መስታወት ውስጥ ማን እንዳለ ስለማያይ ፖሊሱም ይፈራል።

ፀሐይ የማይስማማው ሕመም ያለበት ሰው በሐኪም ማስረጃ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ላይ ጠቆር ያለ ማስፈቀድ ይችላል። የፈቃዱ ወረቀት ግን ቤት ሳይሆን መኪና ውስጥ ይቀመጥ።