ከርነሉ 2.6.32 በሆነ ሰርቨር ላይ አዲስ ፕሮግራም ያስነሣሁበት መንገድ

ቃሊቲ ዳርቻ በሚገኝ የእህል መጋዘን ውስጥ የክብደት መዝገብ የሚይዘው ሰርቨር ሴንትኦኤስ 6 የተባለው የሊኑክስ ሥርጭት የተጫነበት ሲሆን፣ ከርነሉ (የሥርዓተ ክወናው እምብርት) 2.6.32 ነው። ሚዛኑን የሚያነበው ሶፍትዌር በአዲስ ከርነል ላይ ስለማይሠራ ሲስተሙን ማሳደግ አልተቻለም። ኡቡንቱ 22.04 በተባለ ሌላ የሊኑክስ ሥርጭት ላይ አዘጋጅቼ፣ የሚፈልጋቸውን ላይብረሪዎች (ዝግጁ የኮድ ስብስቦች) ሁሉ በውስጡ አካትቼ የወሰድኩት የመጠባበቂያ ቅጂ ፕሮግራም ግን ገና ሲነሣ «ከርነሉ እጅግ አሮጌ ነው» የሚል መልእክት አሳይቶ ቆመ።

ምክንያቱ ጂሊብሲ ነው፤ ፕሮግራሙን ከከርነሉ ጋር የሚያገናኘው ይህ የሲ ቋንቋ ላይብረሪ እ.ኤ.አ. በ2017 ከወጣው 2.26 እትም ጀምሮ ቢያንስ ከርነል 3.2ን ይጠይቃል። ኮንቴይነርም (ፕሮግራምን ከሚፈልጋቸው ፋይሎች ጋር ለብቻው ለይቶ የሚያስኬድ ዘዴ) የሚሠራው በዚያው ሰርቨር ከርነል ላይ በመሆኑ መፍትሔ አይሆንም። ስለዚህ ከ2.6 ጀምሮ ባሉ ከርነሎች ላይ የሚሠራውን መስል የተባለ የሲ ላይብረሪ ተጠቅሜ ፕሮግራሙን እንደገና ኮምፓይል አደረግሁት (ከምንጭ ኮዱ ወደሚሠራ ፋይል ቀየርኩት)፤ ተነሣም።

ሆኖም የምስጠራ ቁልፍ ሲፈጥር ተቋረጠ። ስትሬስ (strace) በተባለው፣ ፕሮግራም ለከርነሉ የሚያቀርባቸውን ጥያቄዎች ማለትም የሲስተም ጥሪዎችን በሚያሳይ መሣሪያ ስከታተለው፣ ለቁልፉ የዘፈቀደ ቁጥሮችን የሚሰጠው ጌትራንደም የተባለው ጥሪ በዚህ ከርነል ውስጥ እንደሌለ ተረዳሁ፤ ጥሪው ወደ ሊኑክስ የገባው እ.ኤ.አ. በ2014 ከወጣው 3.17 ጋር ነውና። ጥሪው በማይገኝበት ጊዜ ፕሮግራሙ እነዚህኑ ቁጥሮች ከሚሰጠው ከዩራንደም ፋይል (/dev/urandom) እንዲያነብ ኮዱን አስተካከልኩ። የከርነሉን ቁጥር አይቶ ከመወሰን ጥሪውን ሞክሮ የሚመልሰውን ስሕተት ማየት የተሻለ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ አንዳንድ የሊኑክስ አዘጋጆች አዳዲስ ችሎታዎችን ወደ አሮጌ ከርነል መልሰው ስለሚያስገቡ ቁጥሩ ብቻውን አስተማማኝ አይደለም።

አሁን ቅጂው በየምሽቱ ወደ ውጫዊው ዲስክ ይጻፋል።